ዲሬ ላይ ካርቲንግ መጀመር ፈልገናል፣ ከየት እንነሳ?

የሳቢያኑ፦
ሰላም ጀመዓ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። አንዱ በያጅ ነው፣ አንዱ የባጃጅ መካኒክ፣ እኔና አራተኛው ደግሞ ገንዘብና ጉልበት እናዋጣለን። ፎርሙላ ዋን አብረን እያየን ነው ያደግነው። ሐሚልተን በ8 ዓመቱ ካርት (ጣሪያ የሌላት፣ መሬት የጠጋች ትንሽ የውድድር መኪና) መወዳደር ጀመረ፣ ሹማኸርን አባቱ በ4 ዓመቱ ትንሽ ሞተር የገጠመበት ካርት ላይ አስቀመጠው ሲባል ስንሰማ ሁሌ የምንቆጨው እኛ ጋ መነሻው አለመኖሩ ነው። አሁን ከቁጭት ወጥተን አንድ ካርት በእጃችን ሠርተን ልንጀምር ወስነናል።

ያሰብነው የአሮጌ ባጃጅ የኋላ ክፍል ከነሞተሩና ከነዲፈረንሻሉ ፈትተን በብረት ፍሬም ላይ መግጠም ነው። ሞተሩ እዚሁ አለ፣ ማርሽ አለው፣ መለዋወጫ አያስቸግርም። ይሄ መነሻ ይሆናል ወይ? ከሆነስ የት ይነዳል? ሌላው፣ የእህቴ ልጅ 12 ዓመቷ ነው፣ ከሁላችንም በላይ የጓጓችው እሷ ናት። ለልጅ ምን ይለያል? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን ወላሂ ትልቅ ውለታ ነው።

ደቻቱ ማዶ፦
አቦ ደስ ሲል! ቦታ ምን ያሳስባችኋል፣ ደቻቱ በበጋ ሰፊ አሸዋ አይደል? እዛው ነው መንዳት።

ቶርኖ ቤት፦
ደቻቱን እርሱት። ካርት ከመሬት ከፍ የሚለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ አሸዋ ላይ ይቀበራል፤ አሸዋውም ካቴናውንና ኩሽኔታውን ይበላዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ያ ወንዝ ዲሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ በዘነበ ድንገት የሚመጣ ነው። የ1998ቱን የጎርፍ ሌሊት ያየ ሰው እዚያ ልጆች ሰብስቦ ሞተር አያስነሳም።

ወደ ባጃጁ ልምጣ። ልጆቼ፣ ሐሳባችሁ የሚገባኝ ነው፣ ያለውን መጠቀም ደግ ነገር ነው። ግን ካርትን ካርት የሚያደርገው ሞተሩ ሳይሆን የኋላው አክስል ነው። እውነተኛ ካርት ዲፈረንሻል የለውም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንድ ወጥ ብረት ላይ ታስረው እኩል ነው የሚዞሩት። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ በፍጥነት ይዞራል፣ ልዩነቱን ዲፈረንሻሉ ያስታርቃል። ካርት ላይ የሚያስታርቅ ስለሌለ መታጠፊያው ላይ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ከመሬት ትንሽ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ሁለቱ ጎማዎች እርስ በርስ ይጓተቱና ካርቱ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፣ ሞተሩም ይታነቃል።

ታዲያ ዲፈረንሻል ቢኖረው ምን ይጎዳል ትሉኝ ይሆናል። ካርት ባሌስትራም ሞላም የለውም፣ ፍሬሙ ራሱ ነው እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው። ስለዚህ በኃይል ስትታጠፉ የውስጠኛው ጎማ መቅለሉ አይቀርም። ዲፈረንሻል ደግሞ ጉልበቱን ሁሉ ለቀለለው ጎማ ነው የሚሰጠው። ጎማው አየር ላይ ይሽከረከራል፣ ካርቱ ይቆማል። የባጃጅ ሹፌር አንዱ የኋላ ጎማ ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠልበት የሚያየው ነገር ነው።

ጎማውን የሚያነሳው መሪው ነው። የፊት ጎማ የሚዞርበት ፒን ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ አናቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ካስተር የሚባለው እሱ ነው። ጎማውም ከፒኑ ወጣ ብሎ ነው የሚቀመጠው። መሪ ሲጠመዘዝ የውስጠኛው የፊት ጎማ ወደ ታች ይገፋል፣ የውጪው ይነሳል፣ ፍሬሙ ይጣመማል፣ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ብድግ ይላል። ፒኑን ቀጥ አድርጋችሁ ከበየዳችሁት የቱንም ያህል ፈረስ ጉልበት ብትጨምሩ ካርቱ አይታጠፍም። ቤታቸው ሠርተው "አልታጠፍ አለ" ብለው የሚመጡ ልጆች ሥራ ላይ ሁሌ የማየው ጉድለት ይኸው ነው።

አክስሉን በ30 ሚሊ ሜትር የማሽን ብረት ሥሩት። ፌሮ አይሆንም፣ ይታጠፋል። ኩሽኔታው ቀላል ነው፦ ወፍጮ ቤት የሚጠቀሙበት ከነቤቱ የሚሸጠው፣ 206 የሚባለው፣ ልክ ለ30 ሚሊ ሜትር ነው የተሠራው፣ ትንሽ ማዘንበልም ይችላል። የካቴናውን ጥርስ አክስሉ ላይ አትበይዱት፤ ብየዳው ያለበት ቦታ ላይ ብረቱ ይደርቅና አንድ ቀን ይሰበራል። ሞዞ (ጥርሱ የሚታሰርበት፣ አክስሉ ላይ የሚገባ ክብ ብረት) ቶርኖ ላይ ይወጣለት፣ በቁልፍ፣ ማለትም ቦይ ውስጥ በምትገባ ትንሽ ብረት ይታሰር። ፍሬሙ የፋብሪካ ካርት ላይ 30 ወይም 32 ሚሊ ሜትር የክሮም ሞሊ (ጠንካራ ቅይጥ ብረት) ቱቦ ነው። እኛ ጥቁሩን የብረት ቱቦ እንጠቀማለን። የውሃ ቱቦ ካልቀረ ግን ዚንኩ በደንብ ይፋቅ፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ሰው ያሳምማል፣ ለበያጃችሁ ንገሩት። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 1 ሜትር ከ4 ወይም ከ5 ሴንቲ አድርጉት።

የሳቢያኑ፦
ጋሽ ቶርኖ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ዲፈረንሻሉን ዛሬውኑ ጣልነው። እርስዎ እንዳሉት ካቴና ከሆነ የባጃጁ ሞተርም አይሆንም ማለት ነው። ታዲያ ምን ሞተር ይሻላል? በያጃችን የውሃ ፓምፕ ሞተር እያለ ነው።

ፓምፕ ጠጋኝ (አወዳይ)፦
በያጃችሁ ልክ ነው። ከአወዳይ እስከ ሐሮማያ ጫቱንም ድንቹንም የሚያጠጣው ያ ሞተር በውጭ አገር የልጆችና የኪራይ ካርት የሚነዳው ሞተር ዘር ነው። ሆንዳ ጂኤክስ 160፣ ወይም በሱ ልክ የተሠራው የቻይናው 168 ኤፍ። 163 ሲሲ፣ ፒስቶኑ 68 ሚሊ ሜትር፣ ምቱ 45። በ3,600 ዙር 4.8 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ለመጀመሪያ ካርት በቂ ነው። ፋሻውም፣ ካርቡራቶሩም፣ ካንዴላውም የትም ገበያ አለ።

ግን ስትገዙ የሚወጣውን ዘንግ እዩ! የፓምፕ ሞተር ብዙውን ጊዜ ዘንጉ ጥርስ የወጣለት ነው፣ የፓምፑ ክንፍ የሚጠመዘዝበት። የጄነሬተሩ ደግሞ ወደ ጫፉ የሾለ ነው። ሁለቱም ለካርት ፍሪሲዮን አይመቹም። እናንተ የምትፈልጉት ቀጥ ያለ፣ የቁልፍ ቦይ ያለው፣ ለብሎኬት ማሽንና ለመሳሰሉት በባዶው የሚሸጠውን ነው። ፍሪሲዮኑ በዙር ኃይል ራሱ የሚይዘው ይሁን፤ 2,000 ዙር ግድም ላይ ይይዛል፣ ልጅም በቀላሉ ይነዳዋል።

ሁለተኛ፣ ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ ሴንሰር ያለባቸው አሉ። ካርት ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ ሴንሰሩ ጎደለ ብሎ መሀል መንገድ ላይ ያጠፋባችኋል። ገመዱን ንቀሉት፣ ግን ከዚያ በኋላ በየመነሻው ዘይት መለካት ግዴታ ነው። የሚይዘው 0.6 ሊትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ ትንሽ መጉደሉም ብዙ ነው።

ሦስተኛውን በጥብቅ ነው የምለው፦ ገቨርነሩን (የሞተሩን ዙር የሚገድበውን) አትንኩት። ዩቲዩብ ላይ ፈትተው ጥለው ሲበሩ ታያላችሁ። እነሱ ቢየላውንና (ፒስቶኑን የሚይዘውን ክንድ) ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) ቀይረው ነው። የናንተው ቢየላ አሉሚኒየም ነው፣ ቮላኖው ተራ የቀለጠ ብረት ነው። ከልኩ በላይ ከዞረ ይፈነዳል፣ የሚፈነዳው ደግሞ ከነጂው ጀርባ ጥቂት ስንዝር ርቀት ላይ ነው።

ከፍታውንም አስቡ። በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል። ዲሬ 1,200 ሜትር ላይ ስለሆነች 14 በመቶ ያህል ታጣላችሁ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ግድም ላይ ከ20 በመቶ በላይ። ሆንዳ ከ1,500 ሜትር በላይ ካርቡራቶሩ ይስተካከል ይላል። ስለዚህ ዲሬ ላይ እንዳለ ይሠራል፣ ደንገጎን አልፋችሁ ወደኛ ከመጣችሁ ግን ጂግለሩን (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) እናሳንስላችኋለን፤ አለዚያ ቤንዚን በዝቶበት ካንዴላው ይጠቁራል።

ጀጎል በር፦
ሐረርም ልጆች አሉን፣ ከጀመራችሁ አትርሱን።

ከኮሎኝ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች። ከዚራ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ አሁን ጀርመን ነው የምኖረው። የሹማኸር ከተማ ኬርፐን ከዚህ ሩቅ አይደለችም። የልጆች ካርት ስላሎም ላይ በበጎ ፈቃድ ስለማገለግል "የት ይነዳል" ለሚለው የማውቀውን ልንገራችሁ፤ ለዲሬ ከዚህ የሚስማማ የለም ብዬ አምናለሁ።

የውድድር ትራክ መሥራት የብዙ ሚሊዮን ብር ሥራ ነው። እሱን ከጠበቃችሁ የእህትህ ልጅ ልጅ ትወልዳለች። እዚህ አዳክ የሚባለው የአውቶሞቢል ክለብ ከ8 ዓመት ግድም ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚያሠለጥነው በፓርኪንግ ሜዳ ላይ ነው። አስፋልት ላይ ኮን ይደረደራል፣ ካርት አንድ በአንድ ይገባል፣ ሰዓት ይያዛል። ኮን የነካ 2 ሴኮንድ ይጨመርበታል። ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም፣ አንድ ካርት ለብዙ ልጅ ይበቃል፣ ሞተሩም ከላይ ከተባለው ትንሽ ከፍ የሚለው ጂኤክስ 200 ነው። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ፊያም እ.ኤ.አ. በ2019 ሮም ባዘጋጀው የሞተር ስፖርት ጨዋታዎች ላይ ስላሎምን በኤሌክትሪክ ካርት አካቶ ነበር፣ በየቡድኑ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ሆነው። ስለዚህ ተራ የሰፈር ጨዋታ አይደለም።

እናንተ የሚያስፈልጋችሁ አጥር ያለው፣ መሬቱ አስፋልት ወይም ለስላሳ ኮንክሪት የሆነ ግቢ ነው። ዲሬ ላይ መጋዘንና ፋብሪካ መች ጠፋ፣ እሁድ ጠዋት ባዶ ነው። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ። ኮን ከሌለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሩብ ድረስ አሸዋ ሞልታችሁ አቁሙ፤ ሲመታ ይወድቃል፣ ሰው አይጎዳም። ድንጋይና ብሎኬት በምንም ተዓምር አይሁን። መብራት ምሰሶ፣ ቦይ፣ የግንብ ጠርዝ ካለ መስመሩ ከዚያ ይራቅ። ከመጀመራችሁ በፊት ሜዳውን ጥረጉት፤ አስፋልት ላይ የተበተነ አሸዋ ለካርት ጎማ እንደ ሳሙና ነው። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ይዘጋ። ማርሚታውን አትፍቱ። ጎረቤት በጩኸት ከተማረረ ሜዳው በሁለተኛው ሳምንት ይነጠቃል።

ፍጥነቱን የምትወስኑት በጥርስ ነው። የካርት የኋላ ጎማ ዙሪያው 88 ሴንቲ ያህል ነው። ፍሪሲዮኑ 12 ጥርስ፣ አክስሉ 60 ቢሆን አምስት ለአንድ ነው፤ በ3,600 ዙር 38 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። 72 ጥርስ ብታደርጉት ወደ 32 ይወርዳል። ለስላሎም ይኼ ይበቃል፣ መቀመጫው መሬት ሊነካ ምንም ስለማይቀረው 32 ራሱ እንደ 80 ነው የሚሰማው።

አልፈራም፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የሀብታም ስፖርት ነው። ሞተር፣ ጎማ፣ ቤንዚን፣ ሄልሜት። በዚያ ገንዘብ ለስንት ልጅ ኳስና መለያ ይገዛል። አሸዋ ሜዳ ላይ ባዶ እግሩን የሚጫወት ልጅ እያለ ካርት?

የሳቢያኑ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህን አከብራለሁ፣ እኛም ተነጋግረንበታል። ውድ የሚያደርገው እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ካርት ሲገዛ ነው። ከኮሎኝ የጻፈው ወንድማችን እንዳለው አንድ ካርት ለሃያ ልጅ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ኳስ ዲሬ ላይ አለ፣ ይኑርም። ግን ኳስ የማይሆንለት፣ እጁ ብረት የሚወድ ልጅ ደግሞ አለ። እሱን የሚጠራው ማነው?

ቶርኖ ቤት፦
እኔም ልጨምር። ይቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። እኛ ሙያውን የተማርነው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ካደጉ ሰዎች ነው፤ ፈረንሳይኛ ስሙን እየጠሩ፣ ፋይል እያስያዙ፣ በአሥረኛ ሚሊ ሜትር እያስለኩ። አሁን ቶርኖ ላይ የሚቆም ወጣት እየጠፋ ነው። አንድ ልጅ በእጁ ያወጣው ሞዞ ላይ ጓደኛው ተቀምጦ ሲነዳ ካየ መለካት የሚባለውን ነገር ማንም ሳይመክረው ይገባዋል። እኔ ለዚህ ካርት የቶርኖ ሥራውን ያለ ክፍያ እሠራለሁ፣ ብረቱን ብቻ አምጡ።

እናት ከከዚራ፦
እኔ የማወራው ስለ ልጅቷ ነው፣ የኔም ልጅ በእድሜዋ ነችና። መጀመሪያ ልብሷን እይ የኔ ልጅ። ከኋላ የሚዞር ብረት ያለበት ነገር ላይ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ ረጅም ሂጃብ፣ የተለቀቀ ፀጉር አይገባም። በሌላ አገር የሴት ልጅ ሂጃብ ከካርት አክስል ጋር ተጠምጥሞ ሕይወቷ ያለፈበት አደጋ ደርሷል። ይህን የምጽፈው ሴቶች ይቅሩ ለማለት አይደለም፣ እንዲገቡ ነው። ከሄልሜት ስር የሚለበስ ፀጉርና አንገት የሚሸፍን የጨርቅ ጭንብል አለ፤ እሱን ካደረገች በኋላ ጠባብ እጅጌ ያለው ሸሚዝና ሱሪ ይበቃታል። ወንዶቹም በሽርጥና በነጠላ ጫማ እንዳትወጡበት።

ካቴናውና አክስሉ መሸፈኛ ይኑራቸው፣ በላሜራ። ሄልሜቷን በልኳ ግዙላት፤ የትልቅ ሰው ሄልሜት ለልጅ አንገት ከባድ ነው፣ ሲወዛወዝም አያድናትም። ደግሞ እኔ ስጠይቅ የገረመኝን ልንገራችሁ፦ ካርት ቀበቶ የለውም። ከላይ የሚሸፍን ብረት ስለሌለው ከተገለበጠ ሰው ታስሮ ከሚቀጠቀጥ ይልቅ ተወርውሮ ቢወጣ ይሻላል ተብሎ ነው። እናቷ ይህን ሰምታ ትፍቀድ፣ ሳይነገራት አይሁን። እሳት ማጥፊያና አንድ የመጀመሪያ እርዳታ የተማረ ሰው ሳይኖር ሞተር አይነሳ።

የሳቢያኑ፦
እማ፣ ሁሉንም ለእህቴ አነብላታለሁ። ሽፋኑን በያጁ ዛሬ ለክቷል።

ከኮሎኝ፦
እናታችን ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። መሪው ላይ ሞተር የሚያጠፋ ቁልፍ ይኑር፣ ሌላ ደግሞ ሜዳው ዳር የቆመ ሰው ደርሶ የሚነካው ከኋላ። ብሬክ፦ ካርት የኋላውን አክስል ብቻ ነው የሚይዘው፤ የፑልሳር ሞተር ሳይክል ዲስክና ካሊፐር በደንብ ይሠራል። ልጅቷ ከሁሉ በፊት የምትለማመደው ማቆም ይሁን። ቀጥ ብላ ትመጣለች፣ የተሠመረው መስመር ላይ ታቆማለች፣ ጎማው ሳይቆለፍ። የኋላ ጎማ ብቻ ሲቆለፍ ካርቱ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ማቆም ሳትችል ሰዓት አትያዙባት።

ደቻቱ ማዶ፦
አሸዋውን ትቻለሁ 🙂 ሜዳ የሚጠርግ ከፈለጋችሁ አለሁ። ግን ጎማውስ? ካሪዮላ ጎማ አየሁ፣ መጠኑ ቅርብ ነው።

ፓምፕ ጠጋኝ (አወዳይ)፦
ካሪዮላ አይሆንም! ቀስ ብሎ ሲሚንቶ ለመግፋት የተሠራ ነው፣ በጎን ሲጫን ከቸርኬው ይወጣል። የባጃጅም ረጅምና ጠባብ ነው። ዙሪያው ከካርቱ በግማሽ ስለሚበልጥ ያ አምስት ለአንድ የተባለው ሂሳብ 57 ኪሎ ሜትር ይሆንባችኋል፣ መነሻ ላይ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ካርቱም ከፍ ብሎ ለመገልበጥ ይቀርባል።

ከኮሎኝ፦
ከውጭ መምጣት ያለበት ነገር ቢኖር ጎማና ቸርኬ ነው፣ ሌላው ሁሉ ዲሬ ላይ ይሠራል። ባለ 5 ኢንች ቸርኬ፣ የፊቱ 10 በ4.50፣ የኋላው 11 በ7.10። "ጠንካራ" የሚባለውን ጎማ ጠይቁ፤ ለስላሳው በዲሬ አስፋልት ቶሎ ያልቃል። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ንፋሱ 1 ባር ግድም ነው፣ የመኪናው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ጎሚስታ ቤት በልማድ 30 እንዳይሞሉላችሁ። ጠዋት ቀዝቃዛ እያለ ለኩ፣ ሲሞቅ ይጨምራል።

የሳቢያኑ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልን። ጎማውን የአክስቴ ልጅ እንድታመጣ ነግሬያታለሁ። ሞተሩን እሁድ አወዳይ ወጥተን እናያለን። ጋሽ ቶርኖ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። የፊት ጎማዎቹ አፍንጫ ቀጥ ይበል ወይስ ይከፈት? የባጃጅ መካኒካችን ወደ ውስጥ ይላል።

ቶርኖ ቤት፦
ለጊዜው ቀጥ አድርጉት፣ ቢበዛ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ ከሆነ መታጠፊያ ላይ ይሰንፋል። የምትለኩት ግን ነጂው መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ነው፣ ፍሬሙ ከክብደቱ ጋር ስለሚሰምጥ ባዶውን የለካችሁት ውሸት ይሆናል። ልጅቷም ስትነዳ እንደገና ይለካ። የመሪው ዘንጎች ጫፋቸው በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር ይሁን፣ በብየዳ አትዝጉት።

የፊቱን ፒን ከመበየዳችሁ በፊት ማዕዘኑን አብረን እንውጣው። ቱቦውንና ሁለቱን ኩሽኔታዎች ይዛችሁ ኑ፣ ልጅቷንም አምጧት፣ የመለኪያ ካሊፐር መያዝ አሳያታለሁ። ቀትር ላይ ስለምዘጋ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን።